አዲስ ጌም፦ አሁን ይገዛ ወይስ ይጠበቅ? ኤፍሲ እና ሳይበርፐንክ 2077 ጎን ለጎን

ፒኤስ5 (ፕሌይስቴሽን 5) ላይ አንድ ትልቅ ጌም ሲወጣ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ 70 ዶላር ነው፤ ሲቆይ ይረክሳል። ግን ሲቆይ የሚሻሻልም አለ፣ ሲቆይ ተጫዋች የሚሸሸውም አለ። ለመግዛትም ለመጠበቅም ወሳኙ ይህ ልዩነት ነው።

ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ፣ ቀድሞ ፊፋ ይባል የነበረው የእግር ኳስ ጌም፣ በየዓመቱ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በእኛ መስከረም አጋማሽ አካባቢ ይወጣል። ኖቬምበር መጨረሻ በብላክ ፍራይደይ ሰሞን ደህና ቅናሽ ይደረግበታል። አልቲሜት ቲም (የተጫዋቾችን ካርድ እየሰበሰቡ ቡድን ሠርተው በኢንተርኔት የሚጋጠሙበት ክፍል) ለሚጫወት ሰው ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ይህ ነው፤ ሁለት ወር ቢዘገይም አሥር ወር ይጫወትበታል። ሜይ ላይ መግዛት ግን ኪሳራ ነው። የተሰበሰበው ካርድና ሳንቲም ወደ ቀጣዩ እትም አይሻገርም፣ ተጋጣሚዎቹም መስከረም ላይ ወደ አዲሱ ይሄዳሉ። ፊፋ 22 እ.ኤ.አ. በሜይ 2022፣ ኤፍሲ 24 ደግሞ በሜይ 2024 ለፕሌይስቴሽን ፕላስ (የሶኒ የክፍያ አባልነት) አባላት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተሰጥተዋል፤ በየዓመቱ የሚሆን ነገር ስላልሆነ ግን ይህን ተስፋ አድርጎ መቀመጥ አያዋጣም።

ቤት ውስጥ ከወንድሙ ጋር በሁለት ጆይስቲክ ብቻ ለሚጫወት፣ ያለፈው ዓመት ያገለገለ ዲስክ በቂ ነው። የሚያጣው አዲሱን የተጫዋቾች ዝውውር ነው፤ ለዚያ ብቻ 70 ዶላር አይከፈልም።

ሳይበርፐንክ 2077፣ አንድ ሰው ብቻውን ታሪኩን እየተከተለ የሚጫወተው ጌም፣ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲወጣ ፒኤስ4 ላይ ይንቀራፈፍ፣ በመሀል ራሱ ይዘጋ ነበር። የፕሌይስቴሽን አምራች ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አንስቶ የመለሰው በጁን 2021 ነው። ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተሰጠው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ስለነበር፣ የኮንሶሉን ችግር ቀድሞ ያየ አልነበረም። ስለዚህ የእርስዎን ማሽን የሚመለከት ግምገማ ሳይወጣ ቀድሞ መክፈል አይመከርም።

በሴፕቴምበር 2023 የመጣው 2.0 ማሻሻያ የክህሎት አሰጣጡን፣ የፖሊስ ማሳደዱን፣ የጠላቶቹን ብልሃት ከሥሩ ለወጠ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ዋናውን ጌምና ፋንተም ሊበርቲ የተባለውን ተጨማሪ ታሪክ አንድ ላይ የያዘ አልቲሜት ኤዲሽን ወጣ። የጠበቀ ሰው በርካሽ የተሻለ ጌም አገኘ ማለት ነው። ፒኤስ4 ያለው ግን ቢጠብቅም አላተረፈም፤ 2.0ም ሆነ ፋንተም ሊበርቲ ለዚያ ማሽን አልወጡም። ኮምፒውተር ላይም ከ2.0 ወዲህ ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) እና 70 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል። ዲስክ መግዛትም ከኢንተርኔት ወጪ ሙሉ በሙሉ አያድንም፤ ማሻሻያው የሚወርደው በዳታ ነው።

አሁኑኑ ካልገዛሁ የሚል ሰው፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫወት ከሆነ፣ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ላይ ቢገዛ ይሻለዋል። በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወቱ ገንዘቡ ይመለሳል። ፕሌይስቴሽን መደብር ላይ ግን ጌሙ ራሱ ብልሽት ከሌለበት በቀር፣ ዳውንሎድ አንዴ ከጀመረ መመለስ የለም። ቀድመው ሲያዙ ጌሙ በራሱ እንዳይወርድ ማጥፋት ያስፈልጋል።

የኒንቴንዶን የራሱን ጌሞች መጠበቅ ብዙም አይጠቅምም፤ ዋጋቸው ለዓመታት እምብዛም አይነቃነቅም። ጌሙ ያለበትን ካርድ ገዝቶ፣ ተጫውቶ፣ ሳጥኑን ሳያበላሹ መልሶ መሸጥ ይሻላል።