ኤፕሰን ኤል3250 ለጅማ ቤት፦ ፕሪንተሩ፣ ቀለሙ፣ ወረቀቱና ገመዱ

ልጆች የቤት ሥራቸውን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያወጣበት ፕሪንተር ለቤት ይገዛ ከተባለ ጅማ ላይ የሚያዋጣው ከሁለቱ አንዱ ነው፤ በጠርሙስ ቀለም የሚሞላ ኢንክ ታንክ፣ ወይም ጥቁር ብቻ የሚያትም ትንሽ ሌዘር። በትንሽ ካርትሬጅ የሚሠራው ርካሽ ፕሪንተር መግዣው ላይ ደስ ያሰኛል እንጂ ካርትሬጁ መቶ፣ ሁለት መቶ ገጽ አውጥቶ ያልቃል፤ አዲስ ካርትሬጅ ለመግዛት ስትወጡ ደግሞ ርካሽነቱ ያበቃል። እሱን አንመክርም።

ከኢንክ ታንኮቹ ለቤት የምንመርጠው ኤፕሰን ኤል3250ን ነው። ያትማል፣ ስካን ያደርጋል፣ ኮፒ ያወጣል፣ በዋይፋይ ከስልክ ይቀበላል። ዋይፋይ የማይፈልግ ሰው ኤል3210ን ቢወስድ በኅትመት ጥራት የሚቀርበት ነገር የለም። በኋላ በኩል 100 ቅጠል ወረቀት ይይዛል፤ በደቂቃ ጥቁር ከሆነ 10፣ ባለቀለም ከሆነ 5 ገጽ ያህል ያወጣል። ወረቀቱን ራሱ ገልብጦ ሁለቱንም ፊት አያትምም፤ ረጅም ጽሑፍ ለሚያወጣ ሰው ይህ እውነተኛ ድካም ነው፣ ቀድሞ ይታወቅ።

ቀለሙ 103 የሚል ቁጥር ያለው ባለ65 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ነው። በፋብሪካው ስሌት ጥቁሩ 4500 ገጽ፣ ሦስቱ ቀለማት አንድ ላይ 7500 ገጽ ያደርሳሉ። የጥቁሩን ጠርሙስ ዋጋ ለ4500 አካፍሉና ሰፈራችሁ ያለው ኮፒ ቤት ለአንድ ገጽ ከሚያስከፍለው ጋር አስተያዩት፤ ፕሪንተሩ ያዋጣችሁ እንደሆነ እዚያው ይታያል። ይህ ቁጥር ግን የጽሑፍ ገጽ ነው። ሙሉ ገጽ የሚሸፍን የልጆች ሥዕል ቀለሙን በብዙ እጥፍ ይጠጣል። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶችም ቁጥሩን አይሞሉም፣ ምክንያቱም ከፊሉ ቀለም ከታንኩ እስከ ሄዱ (ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨው ክፍል) ያሉትን ቀጫጭን ቱቦዎች ለመሙላት ይሄዳል። 664 የሚል ጠርሙስ «ያው ነው» ተብሎ ቢሰጣችሁ አትውሰዱ፤ እሱ እንደ ኤል355 ላሉት ለቀድሞዎቹ ሞዴሎች የወጣ ነው። ክዳኑ አንዴ ተከፍቶ የተመለሰ ጠርሙስም ይቅርባችሁ።

አንድ ድክመቱን መናገር አለብን። የ103 ጥቁሩ ቀለም ውኃ ይፈራል። ክረምት ላይ ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር እስከ ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ወረቀት ይዞ የሚሄድ ተማሪ አንድ የዝናብ ጠብታ ፊርማውና ጽሑፉ ላይ ካረፈበት ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ሆኖ ይሰራጭበታል። ለማኅተምና ለፊርማ የሚቀርብ ሰነድ ዋናው ሥራችሁ ከሆነ ካነን ጂ3411ን ተመልከቱ። ጂአይ-490 የሚባለው ጥቁር ቀለሙ ወረቀቱ ላይ የሚቀመጥ ደቃቅ ዱቄት ያዘለ ነው፣ ውኃን በደንብ ይቋቋማል፤ ጠርሙሱም 135 ሚሊ ሊትር ሆኖ እስከ 6000 ገጽ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፦ መብራት። ኢንክ ታንክን ከሚገድሉት ነገሮች የመጀመሪያው በቁልፉ ሳያጠፉ ከሶኬት መንቀል ነው። የማጥፊያ ቁልፉን ስትጫኑ ሄዱ ወደ ቀኝ ጥግ ሄዶ ላስቲክ ክዳኑ ላይ ይቀመጣል፤ ትንሽ የመንሸራተት ድምፅ ይሰማል፣ የማሽኑ መብራት ብልጭ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሶኬቱ የሚነቀለው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። እያተመ ሳለ መብራት ከጠፋ ግን ሄዱ መሀል ላይ ክፍቱን ይቀራል፤ ከፀጉር የቀጠኑት ቀዳዳዎቹ አየር ላይ ይደርቃሉ። ስለዚህ መብራት እንደተመለሰ ሥራ ባይኖራችሁም አብሩት፣ ተጉዞ ቦታው ይቀመጥ፣ ከዚያ በቁልፉ አጥፉት። ከዚህ የተሻለው ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ መሰካት ነው። ኤል3250 ሲሠራ ከ15 ዋት በላይ ስለማይወስድ ባለ650 ቪኤ ዩፒኤስ እሱን ለመሸከም አይቸገርም፤ አዲስ ቀለም ቱቦ ውስጥ በሚሞላበት በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ገደማ ደግሞ ዩፒኤሱ የግድ ነው ማለት ይቻላል።

ጽሑፉ በነጭ መስመር እየተቆራረጠ ሲወጣ ወዲያው ቀለም አትጨምሩ። ከኮምፒውተሩ የፕሪንተር ማስተካከያ ውስጥ «ሜንቴናንስ» ገብታችሁ «ኖዝል ቼክ» አውጡ። በአራቱ ቀለም ደረጃ ደረጃ የተሠሩ አጫጭር መስመሮች ይወጣሉ፤ የጎደለው መስመር የተዘጋው ቀዳዳ ነው። ካለ «ሄድ ክሊኒንግ» አድርጉና ኖዝል ቼኩን ድገሙት። ሦስት ጊዜ ደግማችሁ ካልተስተካከለ አቁሙ፤ አጥፍታችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት ተዉት፣ ገብቶ የቆየው አየር ይወጣል፣ የደረቀውም ይርሳል። ከዚያም ካልሆነ «ፓወር ክሊኒንግ» የሚለው አለ፤ እያንዳንዱ ታንክ ቢያንስ ሲሶው ሳይሞላ አትሞክሩት። ብዙ ሰው በንዴት አሥር ጊዜ ያጸዳዋል። በእያንዳንዱ ጽዳት የሚወጣው ቀለም ከሥር ያለ ስፖንጅ ውስጥ ነው የሚጠራቀመው፤ የስፖንጁ ቆጣሪ ሲሞላ ማሽኑ ማተም ያቆምና ጠጋኝ ቤት ይወስዳችኋል። በሳምንት አንድ ጊዜ አራቱም ቀለም ያሉበት አንድ ገጽ ማውጣት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

በሳምንት አንድ ገጽ እንኳን የማያወጣ ቤት ኢንክ ታንክ አይግዛ። ለእሱ ሌዘር ነው። ቶነር ዱቄት ስለሆነ ስድስት ወር ቢቀመጥ አይደርቅም፣ ጽሑፉም ዝናብ አይፈራም። ያገለገለ ኤችፒ ፒ1102 ለዚህ በቂ ነው፤ 85ኤ የሚባለው ቶነሩ ወደ 1600 ገጽ ያወጣል፣ ዱቄት እያስሞሉም ይሠሩበታል። በደንብ ያልተሞላ ቶነር ራሱ ይናገራል፦ ገጹ በሙሉ ግራጫ ጥላ ካለው ዱቄቱ አይስማማውም ወይም የቆሻሻ መያዣው ሳይደፋ ተሞልቷል፤ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ካለው ድራሙ (ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ጥቅል) ተጭሯል ወይም መጥረጊያ ላስቲኩ አልቋል፤ በየ75 ሚሊ ሜትሩ ገደማ የሚደጋገም ነጥብ ካለው ድራሙ ላይ ቁስል አለ። ማስመሪያ ይዛችሁ ለኩት። የድራም ችግር ዱቄት በመጨመር አይድንም። ሌዘር ደግሞ ዩፒኤስ ላይ አይሰካም። ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ በሙቀት የሚያጣብቀው ፊውዘር ወደ 200 ዲግሪ ሲሞቅ በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ዋት ይስባል፤ ትንሿ ዩፒኤስ ትጮሃለች ወይም ጭራሽ ትጠፋለች። ቀጥታ ግድግዳው ላይ፣ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ደግሞ አቅሙ በበቃ ስታቢላይዘር በኩል ይሰካ።

ወረቀት ላይ ሰዉ ቸልተኛ ነው፤ ጅማ ላይ ግን ብዙ ብልሽት ከወረቀት ነው የሚመጣው። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት ከተማ የተከፈተ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። ኢንክ ታንኩ ላይ ሁለት ሦስቱ ተጣብቀው አብረው ይገባሉ፤ ሌዘሩ ላይ ወረቀቱ ይጠቀለላል፣ እንፋሎት ያወጣል፣ ዱቄቱ በጣት ሲታሽ ይለቃል። የወረቀቱን እሽግ ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡ፣ ከመጠቅለያው የምታወጡት ለዕለቱ የሚበቃችሁን 20 ወይም 30 ቅጠል ይሁን፣ ቀሪውን በፌስታል አጥብቃችሁ እሰሩ። ከማስገባታችሁ በፊት ጠርዙን በአውራ ጣት አንዴ ማርገብገብ ልማድ ይሁን። መርካቶ ስትገዙም ሚዛን ይመዝንላችሁ። 80 ግራም (በካሬ ሜትር) የተባለ 500 ቅጠል ኤ4 ወረቀት 2.5 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት፤ 2.2 ኪሎ ከሆነ የያዛችሁት 70 ግራሙን ነው። እሱም ይሠራል፣ ግን በ80 ዋጋ አይገዛም፣ ሁለት ፊት ሲታተምም ቀለሙ ወደ ጀርባ ያሳያል።

የቀሩት ዕቃዎች ቀላል ናቸው። የፕሪንተር ዩኤስቢ ገመድ አንድ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ሌላው አራት ማዕዘን የሆነው ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን እዚያው አረጋግጡ፣ ከ5 ሜትር በላይ የሆነውን አትግዙ። ፍላሽ ስትገዙ ባለ64 ጊጋው ዊንዶውስ ላይ 59 ወይም 60 ገደማ ማሳየቱ ጤነኛ ነው። ሐሰተኛው ግን ሙሉውን አሳይቶ ሲሞላ ፋይል ያበላሻል፤ ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፍ ሞልቶ መሞከር ነው መፍትሔው። የላፕቶፕ ቻርጀር ሲቀየር ቮልቱ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ ጫፉ ስለገባ ብቻ አይሰካም። ጽሑፋችሁን ኮፒ ቤት ወስዳችሁ የምታወጡም ከሆነ በፒዲኤፍ አድርጉት፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ዎርድ ፋይል ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይለወጣል።

ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ሻጩ ፊታችሁ ያብራው። ኢንክ ታንክ ከሆነ ኖዝል ቼክ ያውጣ፤ ሌዘር ከሆነ እስካሁን ስንት ገጽ እንዳተመ የሚናገረውን የማሽኑን መረጃ ገጽ ያውጣ። ቀለም የተሞላ ኢንክ ታንክ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ዕቃ መጫኛ ተኝቶ ከመጣ ቀለሙ ሆዱ ውስጥ ፈስሶ ሊሆን ይችላልና ከሥሩ ነጭ ሶፍት አስገብታችሁ እዩ። ከሱቅ ወደ ቤት ስትወስዱም የታንኮቹ ክዳን መጥበቁን አይታችሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ሳይሆን ጭናችሁ ላይ፣ ሳይዘነብል በደልዳላው ያዙት።