ካማሮ፣ ማስታንግ፣ ኤምኤክስ-5 ወይስ ጂአር86፦ ወደ ኋላ የሚያሳየው የቱ ነው?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፣ ቫኗ ተሸጣለች፣ አሁን ደግሞ «ይቺ ለራሴ ናት» የሚላትን የስፖርት መኪና ሊገዛ ቆርጧል። የሞተሩን ጉልበት፣ ድምፁን፣ ቀለሙን ሳይቀር ሸምድዶታል። «ወደ ኋላ ስትዞርስ ምን ይታይሃል?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሱን አላየሁም» አለኝ። ሳያውቀው ልክ መለሰ። ከእነዚህ መኪኖች በአንዳንዶቹ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ኋላ የዞረ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ይህ ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። የማወራው አሜሪካ ስለሚሸጡት መኪኖች ነው፤ ዓመቶቹም በፈረንጆቹ ናቸው። አንዷን ገዝቼ ወደ አገር ቤት እልካለሁ የሚል ካለ ሐሳቡን ቢተወው ይሻላል። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች።

ከማወዳደሬ በፊት አንድ ነገር። «ወደ ኋላ ማየት» ስንል ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ነው የምንቀላቅለው። አንደኛው የኋላ ማርሽ አስገብቶ መውጣት ነው። ሁለተኛው በሃይዌይ ላይ ረድፍ ሲቀይሩ ጎንን ማየት ነው። ሦስተኛው ከተጠማዘዘ መግቢያ ወደ ሃይዌይ ሲገቡ በትከሻ ላይ ዞሮ ማየት ነው። አንዷ መኪና በመጀመሪያው ጎበዝ ሆና በሦስተኛው ልትወድቅ ትችላለች።

ግን ለምን አይታይም?

ዲዛይነሩ ለውበት ብሎ ዓይናችንን ሸጦታል ማለት ይቀናናል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የደኅንነት ሕግ ነው። መኪና ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይጨፈለቅ የሚጠይቀው የአሜሪካ መስፈርት በ2009 ጠበቀ። ጣሪያው የመኪናውን ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ይቻል ይባል የነበረው ለአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ሦስት እጥፍ ሆነ። ጣሪያ የሚሸከሙት ምሰሶዎች ናቸው። ምሰሶ በወፈረ ቁጥር መስኮት ይጠባል።

የኋላ መስታወቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከውጭ ሲያዩት ሰፊ ነው፣ ነገር ግን ተኝቷል። አንድ ወረቀት በዓይናችሁ ልክ አግድም ያዙ፤ ቀጭን መስመር ብቻ ይሆናል። የስፖርት መኪና የኋላ መስታወትም ከሹፌሩ ወንበር ሲታይ እንደዚያው ነው። የ1974ቱ ላምቦርጊኒ ኩንታሽ ችግሩን በጣሪያው ላይ ጎድጓዳ መስኮት ቀዶ፣ እንደ ሰርጓጅ መርከብ በፔሪስኮፕ ሊፈታው ሞክሮ ነበር። ሙከራው ከ150 ያህል መኪኖች በኋላ ቀረ። ሹፌሮቹም በሩን ወደ ላይ ከፍተው፣ የመኪናው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን አውጥተው ኋላ መሄድ ለመዱ።

ካማሮና ማስታንግ

የወዳጄ ልብ ያለው የሼቭሮሌቱ ካማሮ ላይ ነው። ከ2016 እስከ 2024 ሞዴል የተሸጠው ስድስተኛው ትውልድ መንገድ ላይ ሲያዩት ያስደነግጣል። ውስጡ ሲገቡ ግን ምሽግ ነው። የበሩ ጠርዝ ትከሻ ድረስ ይመጣል፣ ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ በመሀል የቀረው መስኮት ጠባብ ነው። ክንዴን መስኮቱ ላይ አሳርፌ ልንዳ ያለ ሰው ክንዱን መስቀል አለበት። የኋላው ምሰሶ በትከሻ ላይ ዞሮ የሚያየውን ሰው ፊት ለፊት ይጋርደዋል። መኪናውን የሚወዱትም የማይወዱትም በዚህ ይስማማሉ።

የፎርዱ ማስታንግም ቢሆን ሜዳ አይደለም። የ2015–2023ቱ ማስታንግ የኋላ መስታወቱ የተኛ ነው፣ የጎኑ ትንሽ መስኮትም ብዙ አያግዝም። ልዩነቱ የጎን መስኮቶቹ ከፍታ ላይ ነው። የማስታንግ ሹፌር ቁጭ ብሎ የሚያየው ከካማሮው የበለጠ ነው። ከዚያ በላይ የምወድለት ግን ስፖኪዮው ነው። በላይኛው የውጭ ጥግ ላይ ትንሽ ጎበጥ ያለች መስታወት ከፋብሪካ ተሠርታበት ትመጣለች። ብላይንድ ስፖት (በስፖኪዮ የማይታየው የጎን ቦታ) ውስጥ የገባ መኪና እዚያች ጥግ ላይ ይታያል። ርካሽ፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ የማይበላሽ መፍትሔ ነው።

ይቺ ጥግ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነች ለመረዳት የአሜሪካንን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ አገር የሹፌሩ በኩል ስፖኪዮ ዋናው መስታወት ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ርቀትን በትክክል ያሳያል፣ ግን ጠባብ ቦታ ነው የሚያሳየው። ጎበጥ ያለው፣ «የሚታየው ነገር ከሚመስለው ይበልጥ ቅርብ ነው» ተብሎ የተጻፈበት፣ የቀኙ ነው። አውሮፓ ግን በሁለቱም በኩል ጎባጣ ስፖኪዮ ይፈቀዳል። ፍራንክፈርት ያለ ዘመዳችሁ «ይሄን ያህል አልቸገረኝም» ቢላችሁ አትገረሙ።

እንግዲህ ለወዳጄ የሰጠሁት ምክር «ካማሮ አትግዛ» አይደለም። ካማሮ ከሆነ ዓመቱንና ደረጃውን (የተገጠመለትን የዕቃ ዓይነት) ምረጥ ነው ያልኩት። ከ2019 ሞዴል ጀምሮ ከፍ ባሉት ደረጃዎች የውስጥ ስፖኪዮው ስክሪን የሆነበት ካማሮ ይገኛል። መኪናው ጀርባ ላይ የተገጠመ ካሜራ ያየውን ያሳያል፤ ምሰሶ የለ፣ የወንበር ራስ የለ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የለ። የጎን ማስጠንቀቂያ መብራትም ያለበትን መምረጥ ነው። እነዚህ ሁለቱ ያሉበት ካማሮና የሌሉበት ካማሮ፣ ወደ ኋላ በማየት በኩል፣ ሁለት የተለያዩ መኪኖች ናቸው። ምንም ረዳት ከሌለው ካማሮና ምንም ረዳት ከሌለው ማስታንግ ግን ያለ ማመንታት ማስታንግ።

ስለዚያች ስክሪን አንድ ነገር ልጨምር፣ ሻጮች አያነሱትምና። ተራ መስታወት ስታዩ ዓይናችሁ የሚያተኩረው ሩቅ ነው፣ ምስሉ ያለው ከኋላችሁ ካለው መኪና ርቀት ላይ ነውና። ስክሪን ስታዩ ግን ዓይናችሁ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ማተኮር አለበት። ለሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ምንም አይደለም። ስልኩን እያራቀ ማንበብ ለጀመረ ሰው ግን ምስሉ ይደበዝዝበታል። ወዳጄ ሃምሳን አልፏል። ደግነቱ ከታች ያለችውን ማንሻ ሲገፏት ስክሪኑ ጠፍቶ ተራ መስታወት ይሆናል።

ኤምኤክስ-5፦ ለስላሳው ጣሪያ ወይስ አርኤፍ?

የማዝዳ ኤምኤክስ-5 ርዝመት 3.9 ሜትር ገደማ ነው። ዲሲ ዩ ስትሪት አካባቢ ማታ ፓርኪንግ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የመኪናው ጭራ እጅ ዘርግቶ የሚነካ ያህል ቅርብ ነው። ጣሪያው ሲከፈት ደግሞ ውድድሩ አለቀ። ከወንበሩ ራስ በቀር የሚጋርድ ነገር የለም።

ጣሪያው ሲዘጋ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። ጨርቁ ሁለቱንም የኋላ ጥጎች ይሸፍናል፣ መስታወቱም ትንሽ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ሃይዌይ መግባት የእምነት ጉዳይ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር፣ ዓመቱን ሙሉ ጣሪያዋን ዘግቶ የሚነዳ ሰው ለምን እንደሚገዛት አይገባኝም።

አርኤፍ የምትባለው ጠንካራ ጣሪያ ያላት ሞዴል በ2017 መጣች። ጣሪያዋ በ13 ሰከንድ ይታጠፋል፣ ለማየት ደስ ይላል። ነገር ግን የኋላዎቹ ምሰሶዎች ተመልሰው ቦታቸውን ይይዛሉ። ስለዚህ ጣሪያዋን ከፍታችሁም በቀኝ ትከሻ ስትዞሩ የምታዩት ብረት ነው። ለውበት አርኤፍ፣ ለዕይታ ጨርቋ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚገምተው።

ካሜራ ከፈለጋችሁ ከ2019 ሞዴል ወዲህ ያለችውን ግዙ። ሕጉ ነው ያመጣው። አሜሪካ ከሜይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ የሚመረት አዲስ የቤት መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ደነገገች። ምስሉ የኋላ ማርሽ በገባ በ2 ሰከንድ ውስጥ መምጣት፣ ከመኪናው ጀርባ 10 በ20 ጫማ ያህል ቦታ ማሳየት አለበት። ልጆች ያሉበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ግን አትሳሳቱ፤ ይህ ካሜራ ከሦስቱ ሥራዎች የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚሠራው። ዲሲን በሚዞረው 495 ሃይዌይ ላይ ረድፍ ስትቀይሩ አያውቃችሁም።

በርካሽ አሮጌዋን እገዛለሁ ለሚል፦ በ1989 የወጣችው የመጀመሪያዋ ትውልድ የኋላ መስኮቷ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ይቢጫል፣ ይጫጫራል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ትውልድ ማሞቂያ ያለው እውነተኛ መስታወት አግኝቷል። ፎቶ ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ቀርባችሁ ዳስሱት።

ጂአር86

ስለ ቶዮታ ጂአር86 ብዙ የምለው የለኝም፣ ይህም ምስጋና ነው። የመስኮቱ ጠርዝ ዝቅ ያለ ነው፣ ስፖኪዮዎቹ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ናቸው፣ ወደ ኋላም መንገዱ ይታያል። ጣሪያው አይከፈትም፣ ስለዚህ በጋም ክረምትም አንድ ዓይነት ነው። መንታዋ ሱባሩ ቢአርዜድም እንደዚያው። በየቀኑ ሥራ ለሚመላለስ ሰው ከአራቱ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው።

ኪሱ ለሚችል ደግሞ፦ ፖርሽ 911 ሞተሩ ከኋላ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ በላዩ ያለው መስታወት ነጻ ነው፣ በዚህ ዋጋ ካሉት ጥሩ ከሚያሳዩት አንዱ ነው። ከ2020 ወዲህ ያለው ኮርቬት ግን ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ ነው። የምታዩት በአንድ መስታወት፣ ከዚያ በሞተሩ በላይ፣ ከዚያ በሌላ መስታወት በኩል ነው። የካሜራ ስፖኪዮ ያለበትን ደረጃ ውሰዱ።

ዲለር ጋ ስትሄዱ

መጀመሪያ ስፖኪዮውን አስተካክሉ። ብዙዎቻችን የራሳችንን በር እስኪያሳየን አጥብበን ነው የምናቆመው። ጆርጅ ፕላትዘር የተባለ መሐንዲስ በ1995 የጻፈው ዘዴ ይሻላል። ጭንቅላታችሁን ወደ ግራው መስኮት አስጠጉና የመኪናችሁ ጎን ለጥቂት እስኪታይ ድረስ የግራውን ወደ ውጭ ግፉት። ከዚያ ወደ መኪናው መሀል ዘንበል ብላችሁ የቀኙን በተመሳሳይ አድርጉ። ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ የራሳችሁ መኪና ከስፖኪዮው ይጠፋል፤ ከውስጥ መስታወት የወጣው መኪና ግን ወዲያው ጎን ላይ ይታያል። ነጻ ነው፣ ካማሮንም ሳይቀር ያሻሽላል።

ቀጥሎ ስክሪኑን ሳታዩ መኪናውን በኋላ ማርሽ ከቆመበት አውጡት። ካሜራ በጭቃና በበረዶ ይሸፈናል፣ የዚያን ቀን የምታዩትን ዛሬ እዩት። ሻጩ አጠገባችሁ ሳይሆን ከኋላ በሰያፍ ይቁም፤ መቼ እንደጠፋባችሁ ንገሩት። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ይዛችሁ ሂዱ።

ወዳጄ አሁንም ካማሮ ነው የሚለው። ቅዳሜ ሁለት እናያለን፣ አንዱ የ2018 ነው፣ አንዱ የ2020። የትኛውን ቀድሞ እንደሚያስነሳ አውቃለሁ፣ ቢጫ ነው፣ የ2018ቱ ነው። መነጽሩን እኔ እይዝለታለሁ።