ጀልባችንን ላተረፉልን የማሪና ኃላፊ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ለአባቴ አርባ ባሕር ዳር በሄድኩበት ሳምንት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ስልኬ ጮኸ። ድንኳን ውስጥ ነበርን፤ ለቀስተኛው ገና እየገባ ነው። ቁጥሩን ሳየው የእንግሊዝ ነው። ወጣ ብዬ አነሳሁት። «መጀመሪያ ይህን ስማኝ፣ ጀልባህ ደህና ናት» አሉኝ። የሆነውን የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው።

የደወሉልኝ ጀልባችን የታሰረችበት ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ኃላፊ ናቸው። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን የምንኖረው እንግሊዝ አገር፣ ኖርዝሃምፕተንሻየር ውስጥ፣ ግራንድ ዩኒየን ካናል ዳር ነው። ቤታችን ናሮውቦት የሚሉት ጠባብ ጀልባ ነው፤ ወርዷ ከ2 ሜትር እምብዛም አይበልጥም፣ ርዝመቷ 17 ሜትር ተኩል ይጠጋል፣ ሁለመናዋ ብረት ሆኖ ከ15 ቶን በላይ ትመዝናለች። ካናሉ ከለንደን ተነስቶ በርሚንግሃም የሚደርስ 220 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሰው ሠራሽ ቦይ ነው፤ በመንገዱ ላይ 166 ሎኮች አሉት፤ ሎክ ማለት ጀልባን እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ የውኃ በር ነው።

እኚህ ሰው ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ማሪናውን ይዞራሉ። ፖንቱን በሚባለው ተንሳፋፊ መተላለፊያ ከዳር እስከ ዳር እየሄዱ የሚያዩት ነገር አንድ ነው፦ ውኃው የእያንዳንዱን ጀልባ ጎን የት ላይ እንደሚነካው። ያን ቀን የኛዋ ኋላዋ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ አገኙት። ሌላ ሰው አራት ጣት አይታየውም። ለነገሩ እኔም ራሴ ባየው አይታየኝም ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጀልባዋን የሚገፋው ፕሮፔለር ዘንግ ከጀልባዋ በሚወጣበት ቦታ ውኃ እንዳይገባ በቅባት የሚታጨቅ ማሸጊያ አለ። ቅባቱ ሲቀንስ ጠብ ጠብ ይላል። በደህናው ጊዜ ያ ጠብታ ምንም አይደለም፤ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ አለች፣ ውኃው ከፍ ሲል ራሷ ተነስታ ታስወጣዋለች። እኛ በሌለንበት ግን የፖንቱኑ የኤሌክትሪክ ሶኬት ዝናብ ገብቶበት መስመሩን ቆረጠው። ማቀዝቀዣው ሳይጠፋ ስለተተወ ባትሪውን ጠጥቶ ጨረሰው። ባትሪው ሲያልቅ ፓምፗም ቆመች፣ ጠብታው ግን አልቆመም። ውኃው ከፍ እያለ የሞተሩ ክፍል የአየር መግቢያ ጋ ቢደርስ ኖሮ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነበር። በካናል ላይ ታስረው ከሚሰጥሙ ጀልባዎች ብዙዎቹ የሚሰጥሙት በዚሁ ዓይነት፣ ማንም ሳያያቸው ነው።

ተንቀሳቃሽ ፓምፕ አምጥተው ውኃውን አወጡ፣ ማሸጊያውን አጥብቀው ቅባት ሞሉት፣ ሶኬቱን ቀየሩ፣ ባትሪውን ቻርጅ ላይ አደረጉ። ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ነው የደወሉልኝ፤ «አባትህን በሰላም ሸኝ» ብለው ዘጉት። ወደ ድንኳኑ ስመለስ እናቴ «ማነው?» አለችኝ። «ቤታችንን የሚጠብቁልን ሰውዬ ናቸው» አልኳት። «ዕድሜ ይስጥልኝ በላቸው» አለች። አድርሻለሁ፤ ግን ለሳቸው ብቻ ተነግሮ የሚበቃ ስላልመሰለኝ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ስማቸውን አልጠራም፣ እንዳልጠራው ጠይቀውኛል። ልጆቼ «ጋሼ» ነው የሚሏቸው፤ ትርጉሙን ካወቁ ወዲህ እሳቸውም ደስ እያላቸው ይመልሳሉ። በጀልባ ለመኖር የምታስቡ፣ ወይም ጀልባ ኖሯችሁ ማሰሪያ ቦታ ያጣችሁ ወገኖች ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የማሪናውን ስምና ስልክ እሰጣለሁ።

ከዚህ በፊት ሌላ ማሪና ነበርን። መቀበያ ክፍሉ ያማረ፣ አበባው የተከረከመ። ቅድሚያ ክፍያ ተቀብለው ቁልፍ ሰጡን፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አስገባን፣ በአምስተኛው ወር «እዚህ መኖር አይፈቀድም» የሚል ደብዳቤ መጣ። ለካስ ማሰሪያ ቦታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለመዝናኛ ነው፤ ጀልባህን ታቆማለህ፣ ቅዳሜና እሁድ ትመጣለህ፣ በዚያ አድራሻ ግን ነዋሪ ነኝ ማለት አትችልም። ሌላው ከአካባቢው አስተዳደር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ነው። ለአዲስ ሰው ይህን የሚነግረው የለም፤ ብዙ አበሾች ቤት ኪራይ ሲያማርራቸው ጀልባ እንግዛ ስለሚሉ ደግሜ እላለሁ፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። ላጤ ሆኖ ለሚዞር ሰው ጥሩ ኑሮ ነው። ተማሪ ልጆች ላሉት ግን ከባድ ነው። ጋሼ ዘንድ መጀመሪያ ስደውል የጠየቁኝ «ልትኖሩባት ነው ወይስ ልትዝናኑባት?» ብለው ነው። ዋጋ የነገሩኝ በኋላ ነው።

የገባንበት ቀን ነፋስ ነበር። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ የደንገል ታንኳ እያየሁ ነው ያደግሁት፣ ጀልባ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ታንኳን ግን ሁለት ሰው ጎትቶ ያወጣዋል፤ 15 ቶን ብረት በክንድ አይቆምም። ናሮውቦት ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፣ ረጅም ጎኗ ነፋሱን እንደ ግድግዳ ይቀበለዋል፤ ወደ ኋላ ስትነዳት ደግሞ መሪው አይታዘዝም። ጋሼ ፖንቱኑ ጫፍ ላይ ቆመው መዳፋቸውን ወደ መሬት አድርገው ቀስ፣ ቀስ አሉኝ። አልጮኹም። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ሦስት ሰዓት ሙሉ እያስወጡ እያስገቡ አስተማሩኝ። «ነፋሱን አትታገለው፤ ከየት እንደሚመጣ እይና እሱ ራሱ ያስጠጋህ» ይላሉ። መጀመሪያ የሚታሰረው የመሀሉ ገመድ ነው፣ እሱ ከተያዘ ጀልባዋ የትም አትሄድም። «ዘለህ አትውረድ፣ ተራምደህ ውረድ። መራመድ ካቃተህ ገና አልቀረብክም ማለት ነው።» በብረቱና በፖንቱኑ መካከል እጅም እግርም እንዳላስገባ ያስጠነቀቁኝን ዛሬ እኔ ለልጆቼ እደግመዋለሁ፤ ቢጋጭ ቀለም ነው የሚላጠው፣ እግር ግን አይመለስም።

ካናሉ ዳር ስናስር ደግሞ የፊትና የኋላ ገመድ ብቻ አይበቃም። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት የሚዘረጉ ሁለት ገመዶች መጨመር አለባቸው። ጀልባ በአጠገብህ ሲያልፍ ውኃውን ወደ ራሱ ይስባል፣ ያንተም አብራ ትሄድና ትመለሳለች። እነዚያ ሁለት ገመዶች ናቸው ያን መንገጫገጭ የሚይዙት። በካናል ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 4 ማይል፣ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የታሰረ ጀልባ ሲታለፍ ከዚያም ይቀነሳል። እኔ መጀመሪያ ለይሉኝታ ነበር የምቀንሰው። አሁን የሰው ሻይ እንዳይደፋ፣ የሰው ገመድ እንዳይነቀል ብዬ ነው።

በዕረፍት ቀናቸው አብረውን ስቶክ ብሩርን ድረስ ሄደዋል። እዚያ ሰባት ሎኮች በተከታታይ አሉ፤ ስንወርድ፣ ውኃው እየጎደለ ሲሄድ የላይኛው በር ሥር ያለው የድንጋይ እርከን ጀልባዋን ከኋላ እንዳያንጠለጥላት፣ ሎኩ ዳር ከተቀባው ምልክት ፊት ሆኜ እንድቆይ፣ ዓይኔንም ከዚያ እንዳላነሳ አስተማሩኝ። ከሎኮቹ በላይ 2,813 ሜትር የሚረዝመው የብሊስዎርዝ ዋሻ አለ፣ በ1805 እ.ኤ.አ. የተከፈተ። ከፊት ለፊት ሌላ ጀልባ መብራቱን አብርቶ ሲመጣ ጨለማው ውስጥ መተላለፍ አለባችሁ። ልጄ እጃቸውን ይዛ ነው ያለፈችው።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ ልግባ። ፖንቱኑ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ 16 አምፔር ነው። ይህ ማለት 3,700 ዋት እንኳ አይሞላም፤ ከአገር ቤት የመጣው ምጣዳችን ለብቻው ሊጨርሰው ምንም አይቀረው። የመጀመሪያውን እንጀራ ስንጋግር መስመሩ ሦስት ጊዜ ጠፋ። ሌላ ኃላፊ ቢሆን «ይህን ዕቃ አታምጡብኝ» ይል ነበር። እሳቸው ግን የምጣዱን ኃይል አይተው፣ ገመዱን መርምረው፣ ምጣዱ ሲበራ ሌላው ሁሉ እንዲጠፋ ነግረውን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ማሞቂያውን እናጠፋለን፤ የምጣዱ ሙቀት ለሁላችን ይበቃል።

ከሁሉ ደግሞ አጥብቄ የምናገረው ስለ ከሰል ነው። አንድ እሑድ ባለቤቴ እንግዳ ጠርታ ቡና ልታፈላ ከሰል አቀጣጥላ ወደ ውስጥ ይዛ ስትገባ ጋሼ ከሩቅ አዩአት። ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ምድጃውን ራሳቸው ተቀብለው አውጥተው ሣር ላይ አስቀመጡት። ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ የሆነ ከሰል እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም፤ ናሮውቦት ውስጥ ደግሞ አየሩ ትንሽ ነው። በአገራችን በክረምት ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ቤተሰብ ስንት ጊዜ ሰምተናል? ይህን ለሳቸው ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። በማግሥቱ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መሣሪያዎቻችንን ሊፈትሹ መጡ፤ አንዱ ጊዜው አልፎበት ስለነበር የራሳቸውን አዲስ ሰቀሉልን። በሳምንቱ ደግሞ ከዕቃ ቤታቸው ጀርባ፣ ነፋስ የማይነካው ጥግ፣ መሬቱ ላይ ጥርብ ድንጋይ ተነጥፎ አገኘን። «የቡና ቦታ» አሉን። በጀልባ የምትኖሩ እህቶቼ፣ እባካችሁ ከሰል ውጭ ብቻ።

ማሪና ስትመርጡ እንግዲህ በብርዱ ወራት፣ በዝናብ ቀን፣ ሳትደውሉ ሂዱ። ፖንቱኑ ላይ የሚዘዋወር ሰው አለ ወይ? ገመዶቹ ተፈትሸዋል ወይ? የውኃ ቧንቧዎቹ በረዶ እንዳያፈነዳቸው ተሸፍነዋል ወይ? ውኃው ላይስ ምን ተንሳፏል? እዚህም እንደ ጣናው እንቦጭ ያለ ወራሪ አረም አለ፤ በሚስማማው ወቅት በቀን እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፣ ከቁራጩም እንደገና ይበቅላል። ጋሼ በመንጠቆ እየጎተቱ ቁራጭ ሳያስቀሩ ሲለቅሙት አይቼ እኔም መንጠቆ ይዤ ወጣሁ። ጣና ላይ ገበሬዎቻችን ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት የነበረውን አሳየኋቸው፤ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አዩት።

ጋሼ፣ ይህን ልጄ እየተረጎመች ታነብልዎታለች። እናቴ በርበሬና ቡና ልካልዎታለች። ቅዳሜ ከሰዓት ድንጋዩ ጋ እንጠብቅዎታለን፤ ከሰሉን እኔ አቀጣጥለዋለሁ፣ ውጭ።