የላቦራቶሪያችንን ጋሼ ላመስግናቸው

ሰላም ወገኖች። በተለይ ማይክሮባዮሎጂና ባዮቴክኖሎጂ ማስተርስ የምትማሩ ይህቺን አንብቡልኝ።

የመመረቂያ ጥናቴ የእንጀራ እርሾ ላይ ነበር። ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎቹን (ሊጡን የሚያኮመጥጡትን) ለይቼ በዲኤንኤ ማንነታቸውን ማወቅ። ኮሎኒው ኤምአርኤስ አጋር (እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚያድጉበት ምግብ) ላይ እንደ ጉድ በቀለልኝ። ከዚያ በኋላ ግን ዲኤንኤውን አውጥቼ በፒሲአር (ዲኤንኤ በሚያባዛው ዘዴ) ባባዛም ሁለት ወር ሙሉ ጄሌ (የተባዛው ዲኤንኤ የሚታይበት) ላይ ምንም አይታይም። ማታ ማታ አለቅስ ነበር።

አንድ ቀን የላብ ቴክኒሻናችን (ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) አጠገቤ ተቀምጠው «እስኪ ያደረግሽውን ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ታዲያ ግድግዳውን መቼ አፈረስሽው?» አሉ። ለካ የምከተለው አሠራር ለኢ ኮላይ (ግድግዳው ስስ ለሆነ ባክቴሪያ) የተዘጋጀ ነው። የኔዎቹ ግራም ፖዘቲቭ ናቸው፤ የሴል ግድግዳቸው ወፍራም ነው። አስቀድሞ ላይሶዛይም (ግድግዳውን የሚያፈርስ ኢንዛይም) ጨምሮ 37 ዲግሪ ላይ ማቆየት ያስፈልግ ነበር።

እንዳሉኝ አደረግሁ። 1500 ቤዝ ፔር (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ባንዱ፣ ማለትም የተባዛው ዲኤንኤ ጭረት፣ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በደስታ ፎቶ ሳነሳ ጋሼ የመጨረሻዋን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። ዲኤንኤ ያልገባባት፣ ውሃ ብቻ ያለባት ናት። እሷም ላይ ባንድ አለ! «ይሄ የእርሾሽ ይሁን የውሃው በምን ታውቂያለሽ?» 16ኤስ ፕራይመር (ባክቴሪያ ሁሉ ባለው 16ኤስ ጂን ላይ ማባዛቱን የሚያስጀምር አጭር ዲኤንኤ) ያገኘውን ባክቴሪያ ዲኤንኤ ሁሉ ስለሚያባዛ ትንሽ ብክለት ይበቃዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ያልፈኝ ነበር። እሳቸው ግን ሦስት ቀን አብረውኝ ዋሉ። ውሃውን ቀየርን፣ ፒፔቶቹን አጸዳን፣ ፕራይመሩን በአዲስ በጥብጠን በትንንሽ ቱቦ ከፋፈልን፣ 40 የነበረውን የማባዛት ዙር ወደ 30 አወረድን። የውሃዋ መስመር ባዶ ሆነች።

የሲኩዌንስ ውጤቱ ሲመጣም «ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ነው» ብዬ ልጽፍ ስል አስቆሙኝ። በ16ኤስ ብቻ ፕላንታረምና የቅርብ ዘመዱ ፔንቶሰስ አይለዩም። ሬክኤ የሚባለውን ጂን ጨምሪ አሉኝ። ጥናቴን ስከላከል ፈታኙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልጽፍም። ፒሲአር እምቢ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የላብ ደብተራችሁንና ያልሠራውን ጄል ፎቶ ያዙ። መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።