ሸክላ ወይስ ስትሪሚንግ?

ሙዚቃ በሸክላ መስማት ይሻላል ወይስ በስትሪሚንግ፣ ማለትም በስልክ ከኢንተርኔት ላይ? በድምፅ ጥራት እንጀምር፤ ክርክሩ ሁሌ የሚጦፈው እዚህ ላይ ነው። "ሸክላ ይበልጣል" የሚሉ ብዙ ናቸው፣ በቁጥር ሲታይ ግን አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የወጣው ሲዲ እንኳ በጣም ቀስ ባለውና በጣም በሚጮኸው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ያህል ልዩነት ይይዛል፤ ሸክላ ብዙውን ጊዜ 70 አካባቢ ላይ ይቆማል። በዚያ ላይ መርፌው ወደ መሃል በቀረበ ቁጥር ድምፁ ይበላሻል፤ ሸክላው የሚዞረው በአንድ ፍጥነት ቢሆንም ውስጠኛው ክብ አጭር ስለሆነ ያው ሙዚቃ በጠባብ ቦታ ይታጨቃል። የየገጹ መጨረሻ ላይ ዘፋኙ "ስ" ሲል እንዴት እንደሚሻክር ልብ ብላችሁ ስሙ። አቧራውን፣ ጭረቱን... እሱን ተዉት።

ታዲያ ለምን ይሰማል? እኔን ከጠየቃችሁኝ ነገሩ ድምፁ ሳይሆን አሰማሙ ነው። አንዱ ገጽ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። ዘፈን ለመዝለል ተነስቶ መርፌውን በጥንቃቄ ማንሳት ይጠይቃል፣ ማን ይነሳል? ስለዚህ ያልወደዱትንም ሰምተው ይጨርሳሉ፣ አንዳንዴ ሲደጋገም እሱው ይጥማል። ስልክ ላይ ግን አስር ሴኮንድ ካልጣመን ወደ ቀጣዩ ነው። ደግሞ ሸክላ አንዴ ከገዙት የራስ ነው፤ ስትሪሚንግ ላይ የመብት ውል ሲያልቅ የሚወዱት አልበም አንድ ቀን ድንገት ድራሹ ይጠፋል።

በዋጋና በምቾት ስልክ ያሸንፋል፣ አያከራክርም። ሸክላ ማጫወቻ ተሸክሞ ታክሲ የሚሳፈር የለም። እኔ አዲስ ነገር በስልክ አስሳለሁ፣ እየደጋገምኩ የምሰማውን ብቻ በሸክላ እገዛለሁ።