የዘመን መለወጫ የጠረጴዛ ካሌንደር፦ የቱ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል?

ድርጅቶች ለእንቁጣጣሽ ለደንበኞቻቸው ከሚያድሏቸው የሕትመት ስጦታዎች የጠረጴዛ ካሌንደርን የሚያህል የለም። ፍላየር ከበር ሳያልፍ ይጣላል፣ ብሮሸር መሳቢያ ገብቶ ይቀራል። ካሌንደር ግን በደንብ ከተሠራ ዓመቱን ሙሉ ከደንበኛው ዓይን አይጠፋም። ያም ሆኖ ብዙው ጥቅምት ሳያልቅ ከጠረጴዛ ይነሳል። ሥዕሉ ስላላማረ አይደለም፤ ቀኑ ተሳስቶ፣ እስክሪብቶ አልይዝ ብሎ ወይም ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት ነው።

ከቅርጾቹ ሁሉ ምርጫችን በሽቦ ተጠርዞ እንደ ጎጆ ጣሪያ የሚቆመው የኤ5 መጠን (14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር) ነው። ለኛ ዓመት የተሠራ ይመስላል። 13 ወርና አንድ ሽፋን 14 ገጽ ይሆናሉ፤ ፊትና ጀርባ ሲታተም ልክ 7 ቅጠል ነው፣ የሚተርፍ ባዶ ገጽ የለም። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከፊት በኩል ሽፋኑና ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት ወራት ይሄዳሉ። ቅጠሉ ሁሉ ካለቀ በኋላ ካሌንደሩ ዞሮ ወደ ኋላ ስለሚገለጥ፣ ከየካቲት ጀርባ መጋቢት፣ ከጥር ጀርባ ሚያዝያ እያለ ሄዶ ከሽፋኑ ጀርባ ጳጉሜ መምጣት አለበት። የሁለቱም ገጽ ራስጌ ወደ ሽቦው ይሁን። ማተሚያ ቤቱ እንደ መጽሔት ከደረደረው ከሽፋኑ ጀርባ መስከረም፣ ከጥቅምት ጀርባ ኅዳር ይመጣና ተጠቃሚው በየወሩ ካሌንደሩን ሲያዞር ይከርማል።

መቆሚያው 2 ሚሊ ሜትር ካርቶን ይሁን። ቀጭኑ ርካሽ ነው፣ ግን ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይጎብጥና መንሸራተት ይጀምራል። ላሚኔሽን (ስስ የፕላስቲክ ልባስ) ለሽፋኑ ብቻ! የውስጥ ገጾች ላይ ከተደረገ እስክሪብቶ አይጽፍባቸውም፤ የሚያብረቀርቅ አርት ፔፐር ላይ ደግሞ ቀለሙ በእጅ ይታሻል። የባንክ ቀጠሮና የዕቁብ ቀን የማይጻፍበት ካሌንደር ጠረጴዛ ላይ የሚቆይበት ምክንያት የለውም። ለውስጥ ገጽ ያልተቀባ ባለ 160 ወይም ባለ 200 ግራም ወረቀት ይበቃል።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት የአምናውን ፋይል ከፍቶ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ መቀየር ነው። ፋሲካ በ2018 ሚያዝያ 4 ነው፤ በ2019 ግን ሚያዝያ 24 ይውላል፣ ዐቢይ ጾምም የካቲት 29 ይገባል። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜ 6 ቀን አላት። በዚህም የተነሳ መስከረም 1 ቀን 2020 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ ያርፋል፤ ገናም በ2020 ታኅሣሥ 28 ነው። የኢድ በዓላት አጠገብ «በጨረቃ መታየት የሚወሰን» የሚል ማስታወሻ ካልተቀመጠ ደንበኛን ማሳሳት ይሆናል።

ጎበዝ ድርጅት ቀኖቹን ለራሱ ሥራ ያውላቸዋል። የጾም ቀናትን በቀላል አረንጓዴ የለየ የምግብ ቤት ካሌንደር ቤተሰብ ምሳ ሲያስብ የሚያየው ይሆናል። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ዓመቱን ሙሉ ረቡዕና ዓርብን በጅምላ ያቀለመ ዲዛይነር ይህን የሚያውቅ ደንበኛ ፊት ድርጅቱን ያሳፍራል።

የጳጉሜ ገጽ ደግሞ የተለየ ዕድል ነው። ስድስት ቀን ብቻ ይዞ ሌላው ቦታ ባዶ ነው፤ አብዛኛው ድርጅት እዚያ አርማውን አግዝፎ ያስቀምጣል፣ ያሳዝናል። ከገጹ ግርጌ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተለክቶ በጥርስ መስመር የሚቀደድ ኩፖን ቢኖረው፣ በ2019 ጳጉሜ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስለሆነች የስድስት ቀን የበዓል ዋዜማ ቅናሽ ልክክ ብሎ ይገባል። ደንበኛው በመጨረሻው ሳምንት ቀድዶ ይዞት ይመጣል። የጥርስ መስመሩ ወደ ሽቦው ከተጠጋ ግን ገጹ ገና ሲገለጥ ይቀደዳል።

ወደ ማተሚያ ቤት ሲላክ፦ የአማርኛው ጽሑፍ ሁሉ ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማይፈልግ የመስመር ሥዕል) ይቀየር፤ አለዚያ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሁሉ ሌላ ነገር ይሆናል። ትንንሾቹ የፈረንጅ ቀኖች በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተሙ፤ ከአራቱ ቀለማት የተቀላቀለ ግራጫ ከሆኑ ፕሌቶቹ (የየቀለሙ ማተሚያ ሰሌዳዎች) በፀጉር ስፋት ሲዛነፉ ይደበዝዛሉ። ከሽቦው በኩል 12 ሚሊ ሜትር ከጽሑፍ ነፃ፣ በዙሪያው ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ የመቁረጫ ቦታ ይተው። ጥቂት መቶ ኮፒ ከሆነ ዲጂታል ይበቃል፤ በሺህ የሚቆጠር ከሆነ ኦፍሴት (በፕሌት የሚታተመው) ያዋጣል። ትእዛዙ ሐምሌ ሳያልቅ ይግባ፤ በነሐሴ ወረፋው ይረዝማል፣ በክረምቱ እርጥበትም ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ በጥድፊያ የተቆለለ ሕትመት አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ይታተማል።

ፕሩፉ (ከዋናው ሕትመት በፊት የሚቀርበው ናሙና) ላይ ከመፈረምዎ በፊት የ2019ን ሦስት ቀኖች ይፈትሹ፦ መስከረም 1 ዓርብ፣ ሚያዝያ 24 እሑድ፣ ጳጉሜ 6 ቅዳሜ። አንዷ እንኳ ከሳተች ፋይሉን ይመልሱ።