ካምቢዮዬን ቤቴ ድረስ መጥቶ ላወረደልኝ መካኒክ

አሮጌ አውቶማቲክ ኮሮላ የምትነዱ፣ ይቺን አንብቧት።

መኪናዬ ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ ዘይት ስታንጠባጥብ ከርማ በመጨረሻ ማርሽ አልይዝ አለች። አንድ ጋራዥ ምኑንም ሳይፈታ «ካምቢዮው አልቋል፣ ሌላ ግዢ» ብሎኝ ነበር። አስጎትቶ ሌላ ቦታ መውሰድም አይሆንም። የፊት ጎማዋ መሬት ላይ እየዞረ ከተጎተተች፣ ሞተሩ ስለማይሰራ የካምቢዮው ፓምፕ ዘይት አይሰጥም፤ ውስጡ በደረቁ ይፋጫል። ጎረቤቴ የጠቆመችኝን ልጅ ጠራሁና ሰሚት ግቢያችን ድረስ መጣ።

መጀመሪያ ባትሪውን ፈታ። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ የራሱ የብረት መቆሚያዎች ላይ አሳረፋትና ከስር ሳይገባ በፊት በሁለት እጁ ነቀነቃት። ክሪክና ድንጋይ አምኖ ከስር የሚተኛ ስንቱን እናውቃለን! ካምቢዮው ሲወርድ ሞተሩ እንዳይዘነብል ከላይ በወፍራም ብረትና በሰንሰለት አንጠለጠለው። ዘይቱን አፍስሶ፣ አክስሎቹን ነቅሎ፣ የቶርክ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ክብ ዕቃ) ብሎኖች ሞተሩን በእጅ እያዞረ በጠባብ ቀዳዳ አንድ በአንድ ፈታ።

ጥፋቱ ከኮንቨርተሩ ጀርባ ያለው ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ማርሽ እምቢ ያለችውም ዘይቱ አልቆባት ኖሯል። ሲሉን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ፤ ዋጋው ከካምቢዮ ጋር አይወራም።

ልጁን የወደድኩት ግን ሲመልሰው ነው። ኮንቨርተሩን እያሽከረከረ ገፋው። ገባ ስል «ገና ነው» ብሎ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ ጥልቀቱን በማስመሪያ ለካ፤ እስከ መጨረሻው ሳይቀመጥ በብሎን ከተሳበ ፓምፑን ይሰብረዋል። ብዙ ሰው የሚቻኮለው እዚህ ላይ ነው አሉ። ዘይትም ዲፕስቲኩ (የዘይት መለኪያ ዘንጉ) ላይ የተጻፈው ቲ-4 የሚባለው ዓይነት ካልሆነ አልሞላም አለኝ፤ ልኩንም ሞተሩ እየሰራ፣ በደንብ ከሞቀ በኋላ አየ። አሁን ጠብታ የለም፣ ማርሹም ሳትንገጫገጭ ትቀይራለች። ወንድሜ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው!

የካምቢዮ ውስጡን አይከፍትም፤ ያ የሌላ ሰው ሙያ ነው ብሎ አስቀድሞ ነግሮኛል። ማውረድ፣ ሲል መቀየር፣ መልሶ መግጠም ግን ለሱ ተዉት። ስልኩን በውስጥ መስመር እልካለሁ። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ካልሆነ አይሰራም፣ ስለዚህ ከመቅጠራችሁ በፊት የግቢያችሁን ፎቶ ላኩለት።